ቄቦቼ ቀትር ላይ ያለከልካሉ፣ ማታ ይደራረባሉ፤ ምን ላድርግ?

ጥያቄ፣ ከቀበና

ጤና ይስጥልኝ። የ45 ቀን ቄብ 24 ገዝቼ ካስገባሁ 3 ሳምንት ሊሞላኝ ነው። ግቢያችን ጠባብ ስለሆነ ከኩሽናው ጎን የቆርቆሮ ቤት አሠራሁላቸው። ርዝመቱ 1 ሜትር ተኩል፣ ወርዱ 1 ሜትር ነው። መጀመሪያ ላይ ደህና ነበሩ። መጋቢት ከገባ ወዲህ ግን ከቀኑ 6 ሰዓት ጀምሮ አፋቸውን ከፍተው ያለከልካሉ። ክንፋቸውን ከጎናቸው አርቀው ዝም ብለው ይቆማሉ። መኖም አይነኩም። ትናንት አንዷን ሳነሳት ልቧ በእጄ ላይ ድው ድው ይላል፣ ሰውነቷ ያቃጥላል።

ማታ ደግሞ ሌላ ጣጣ አለ። ጥግ ላይ ተደራርበው ነው የሚተኙት። ዛሬ ጠዋት አንዷን ከሥር ታፍና ሞታ አገኘኋት። እርስ በርስ መነካከስም ጀምረዋል፤ የአንዷ ጭራ ደምቷል። የሌሊቱን ብርድ ፈርቼ መስኮቱን በላስቲክ ሸፍኜዋለሁ። የምታውቁ እባካችሁ ንገሩኝ። ልጆቼ ለሁሉም ስም አውጥተውላቸዋል፣ ሌላ እንድትሞትብኝ አልፈልግም።

መልስ፣ ከአራት ኪሎ

አይዞሽ እህቴ። እኔም አምና በዚሁ ወር እንዲሁ ጨንቆኝ ነበር። ከጻፍሽው ውስጥ ላስቲኩ ነው ዓይኔ የገባው። ዛሬውኑ አንሺው። ከቆርቆሮው የሚወርደው ሙቀት መውጫ አጥቶ እዚያው ታፍኖ ይውላል። የከተማችን አየር ራሱ እኮ ያን ያህል አይሞቅም። በዚህ ወር እንኳ ጥላ ሥር ሲቀመጡ ደስ ይላል። የሚያቃጥለው ጣራው ሥር ያለው ነው። ቀትር ላይ እጅሽን ከውስጥ ወደ ቆርቆሮው አስጠጊው። ሳትነኪው ይፈጅሻል። ቄቦቹ ቀኑን ሙሉ የሚውሉት እሱ ሥር ነው።

እኔ ከጣራው በላይ እንጨት አጋድሜ ሳር በተንኩበት። በሳሩና በቆርቆሮው መሃል አንድ ስንዝር ያህል ክፍተት ተውኩ፤ ነፋስ እንዲያልፍበት ነው። ከዚያ ፊት ለፊት በሚተያዩት ሁለት ግድግዳዎች ላይ፣ ከላይ በኩል፣ ቆርቆሮውን አስቆርጬ በዶሮ ሽቦ ሸፈንኩት። ሙቅ አየር ወደ ላይ ስለሚወጣ መውጫው ከላይ መሆን አለበት። ሌሊትም ቢሆን ነፋሱ ከጭንቅላታቸው በላይ ያልፋል እንጂ አይመታቸውም። ሽቦውን ግን አጥብቀሽ አስቸንክሪ፣ ድመትና ሸለመጥማጥ ትንሽ ቀዳዳ ይበቃቸዋል።

መልስ፣ ከልደታ

እኔ ሲብስባቸው ውሃ እረጭባቸዋለሁ። ወለሉንም በባልዲ አርሰዋለሁ። ወዲያው ነቃ ይላሉ።

መልስ፣ ከካዛንቺስ (በእንስሳት ሕክምና የምሠራ)

ወንድሜ፣ ለጊዜው ነቃ ማለታቸው እውነት ነው። ግን ወለሉን አታርስ። እርጥብ ሰጋቱራ ላይ ኩስ ሲጨመርበት ዓይንና አፍንጫ የሚያቃጥል ሽታ ያመጣል። ከዚያ የሚብሰው ደግሞ ኮክሲዲያ ነው። ደም የቀላቀለ ኩስ የሚያስወጣቸው በሽታ ነው፣ እርጥበትና ሙቀት ይመቸዋል፣ በዚህ ዕድሜ ያሉትን በብዛት ይጨርሳል። ውሃውን ከውጭ እንጠቀምበት። ጆንያ አርሳችሁ ነፋስ በሚገባበት መስኮት ላይ አንጠልጥሉ። በጋ ላይ አየሩ ደረቅ ስለሆነ ውሃው በፍጥነት ይተናል፣ የሚገባውንም ነፋስ ያቀዘቅዛል። ጆንያው መስኮቱን ጨርሶ እንዳይደፍን ብቻ ተጠንቀቁ።

እህቴ፣ አሁን ወደ አንቺ ልመለስ። ዶሮ አያልባትም። የሰውነቷ ሙቀት ደህና ስትሆንም 41 ዲግሪ አካባቢ ነው። ትርፉን የምታወጣው በማለክለክና ክንፏን ገለጥ በማድረግ ነው። ስለዚህ ያየሽው ራስን የማቀዝቀዝ ትግል ነው። ግን አንድ ነገር አጣሪ። ከ11 ሰዓት በኋላ፣ ሲበርድ፣ ማለክለኩ ይቆማል? ከቆመ ሙቀት ነው። በማለዳም የሚያቃስቱ ከሆነ፣ አረንጓዴ ተቅማጥ ወይም የአንገት መጠምዘዝ ካየሽ ግን ፈንግል የሚባለው ተላላፊ የዶሮ በሽታ ሊሆን ይችላል። ያን ጊዜ የታመመችውን ለይተሽ ሳትውይ ሳታድሪ ሐኪም ጥሪ።

መኖን በተመለከተ፣ የበሉትን መፍጨት ራሱ ሙቀት ይፈጥርባቸዋል። ከረፋዱ 4 ሰዓት ላይ አንሺው፣ 10 ሰዓት ላይ መልሺላቸው። ጠዋት 12 ሰዓት ላይ በደንብ ይብሉ። ውሃ ግን ለአፍታም አይጥፋ። ጨው በጥብጠሽ እንዳትሰጪያቸው፤ መኖው ውስጥ በቂ ጨው አለ፣ ሲበዛ ይገድላቸዋል። ከእንስሳት መድኃኒት ቤት ለዶሮ የሚሆን ኤሌክትሮላይት (በልክ የተመጠነ፣ በውሃ የሚበጠበጥ የማዕድን ዱቄት) ገዝተሽ፣ በማሸጊያው ላይ በተጻፈው ልክ፣ በቀትሩ ሰዓት ብቻ ስጪ።

መነካከሱ ከጥበቱ ነው። ቤትሽ 1 ካሬ ሜትር ተኩል ነው፣ በካሬ 16 ቄብ መሆኑ ነው። በዚህ ዕድሜ ከ8 እስከ 10 ቢሆን ይመረጣል። ለቀኑ በሽቦ የታጠረ መዋያ ቀጥይላቸው። የደማችውን ዛሬውኑ ለይተሽ ቁስሏ ላይ ጂቪ የሚባለውን ሐምራዊ የቁስል መድኃኒት ቀቢ። ቀይ ነገር ካዩ መንከሳቸውን አይተዉም፣ ሐምራዊው ደሙን ይሸፍነዋል።

መልስ፣ ከአፍንጮ በር

ልጄ፣ እኔ ዶሮ ሳረባ ብዙ ዘመን ሆኖኛል። ውሃውን በምንድን ነው የምትሰጪያቸው? የፕላስቲክ መጠጫ ከሆነ ቀትር ላይ እጅሽን ክተችበት። ለብ ያለ ውሃ ዶሮ አትወድም፣ ቀምሳ ትተወዋለች። ሸክላ ግዢ። ሰፊ የሸክላ ዕቃ ጥላ ላይ ካስቀመጥሽው ውሃውን ቀዝቃዛ አድርጎ ያውላል። እንስራ ውሃ የሚያቀዘቅዘው ገላው ውሃ እየሳበ ወደ ውጭ ስለሚያተን ነው፤ ይሄም እንደዚያው ነው። መሃሉ ላይ ድንጋይ አድርጊ፣ ገብተው እንዳያቦኩት። እኛ ሰፈር ውሃ በፈረቃ ስለሆነ እኔ ሁልጊዜ አንድ ጀሪካን ጥላ ውስጥ አስቀምጣለሁ።

ለማታው ቆጥ ሥሪላቸው። ቆጥ ያልለመደ ቄብ ሲመሽ ግራ ይገባዋል፣ ጥግ ይፈልጋል፣ እዚያው ይከመራል። ከመሬት ሁለት ስንዝር ከፍ ያለ፣ ጠርዙ የለዘበ እንጨት ይበቃል። የመጀመሪያዎቹን ማታዎች ጀንበር ስትጠልቅ አንድ በአንድ አንሥተሽ ቆጡ ላይ አስቀምጫቸው። ቀስ ብለሽ፣ እያናገርሻቸው። ጥጉንም ሣር ሞልተሽ ክብ አድርጊው፣ የሚከመሩበት አይኑር።

ጠያቂዋ፣ ከ9 ቀን በኋላ

እግዚአብሔር ይስጥልኝ፣ ሁላችሁንም። ያላችሁትን አደረግሁ። መጀመሪያ ቴርሞሜትር ተውሼ ከቆጡ ትክክል ሰቀልኩ። ላስቲኩ እንዳለ በ8 ሰዓት 37 ዲግሪ አለ። ላስቲኩን አንሥቼ፣ ሳሩን በትኜ፣ ከላይ በኩል ካስቆረጥኩ በኋላ በዚያው ሰዓት 29 ሆነ። ማመን ነው ያቃተኝ። ማለክለኩም ማታ ማታ ይቆም ነበር፣ ስለዚህ ሙቀቱ ነው።

ሸክላውን ከሾላ ገበያ ገዛሁ። እማማ እንዳሉት ድንጋይ አደረግሁበት። የመጀመሪያዋ ቄብ መጥታ አንዴ ቀመሰች፣ ቀና ብላ ዋጠች፣ ከዚያ አልተወችውም። ሌሎቹ ተከትለዋት መጡ። ፕላስቲኩን ዞር ብሎ ያየው የለም።

ቆጡ ላይ ማስተማሩ ነው ያስቸገረኝ። ሳስቀምጣቸው ይወርዱ ነበር። በአምስተኛው ማታ 15ቱ በራሳቸው ወጡ። አሁን ሁሉም ወጥተው ያድራሉ፣ ተደራርባ የሞተች የለም። ጭራዋ የደማው ድናለች፤ ከእህቶቿ ጋር የቀላቀልኳት ግን ማታ ነው፣ ጨለማ ውስጥ። ቀን ቀን ስሞክር ይነክሷት ነበር።

አንድ ነገር ልጠይቅ። የፈንግል ክትባት ድጋሚ ሊሰጣቸው ነው፣ በውሃ ነው አሉኝ። ከመስጠትሽ በፊት ውሃ ከልክያቸው ተብያለሁ። በዚህ ሙቀት ውሃ መከልከል ፈራሁ።

መልስ፣ ከካዛንቺስ

መፍራትሽ ልክ ነው። ማታ መጠጫውን አንሺ፤ ጨለማ ውስጥ ስለማይጠጡ አይጎዱም። ጠዋት 12 ሰዓት ላይ ከነጥማታቸው ክትባቱን ስጪ፣ በ2 ሰዓት ጊዜ ውስጥ ጠጥተው ይጨርሱት። የቧንቧ ውሃ ክሎሪን ክትባቱን ይገድለዋል። ስለዚህ ውሃውን ክዳኑን ከፍተሽ አሳድሪው፣ ጠዋት በ1 ሊትር 2 ግራም ተኩል ያህል ቅባቱ የወጣለት የዱቄት ወተት በጥብጪበት። የዚያን ቀን ኤሌክትሮላይትም ሆነ ሌላ መድኃኒት አትቀላቅይ። ሸክላውን በሳሙና ሳይሆን በንጹህ ውሃ ብቻ እጠቢው። ክትባቱን ከመድኃኒት ቤት በበረዶ ይዘሽ ነይ፣ ታክሲ ውስጥ ፀሐይ እንዳይመታው።