ሕፃኑ ሳያለቅስ ማስታገሻ የሚሰጡት ለምንድን ነው?

የሐይቁ አባት (ጠያቂ)
ሰላም ለሁላችሁ። የ5 ዓመት ልጄ ደሴ በሚገኝ አንድ ሆስፒታል የቡአ ቀዶ ሕክምና ተደርጎለት ነገ እንወጣለን ተብለናል። ነርሶቹ ልጁ ዝም ብሎ በተኛበት ሰዓት ጭምር እየመጡ ያዩትና ካርዱ ላይ ቁጥር ጽፈው፣ ሰዓቱ ሲደርስ ፓራሲታሞል ይሰጡታል። እናቴ ግን «ሳያለቅስ ለምን ይሰጡታል? ገላው መድኃኒት ይለምድብናል» እያሉ ይሞግቱኛል። ቁጥሩ ከምን እንደሚመጣ፣ ቤት ስንገባም እኛ እንዴት መቀጠል እንዳለብን የምታውቁ ብታስረዱኝ። አንዲት ጎረቤታችን ደግሞ ለራሷ ከታዘዘላት ትራማዶል የሚባል ኃይለኛ ማስታገሻ ግማሹን ስጠው ብላኛለች።

ሲስተር ከቀዶ ሕክምና ክፍል
እንኳን ልጅዎን ማረልዎ። የእናትዎን ጥያቄ በየፈረቃው እንሰማዋለን። ልጁ እስኪያለቅስ ከተጠበቀ ሕመሙ አይሎ ስለሚቆይ፣ ያን ጊዜ የሚሰጠው ማስታገሻ እስኪሠራ ድረስ ሕፃኑ ይሠቃያል፤ በሰዓቱ ከተሰጠ ግን የፊተኛው ኃይል ሳያልቅ ተከታዩ ይደርሳል። ለጥቂት ቀን የሚወሰድ ፓራሲታሞል ደግሞ ሱስ አያስይዝም።

ዝምታን በተመለከተ፣ እኔን ከሚጮኸው ልጅ ይልቅ የሚያሳስበኝ ዝም ያለው ነው። የመርፌ ትሪ ይዘን ስንገባ «አያመኝም» የሚለን ሕፃን ብዙ ነው፤ መርፌውን ፈርቶ እንጂ ሕመሙ ጠፍቶለት አይደለም። በዚህም ምክንያት የሚቻል ሲሆን ማስታገሻውን በአፍ ወይም አስቀድሞ በተተከለው የግሉኮስ መስመር መስጠት ይመረጣል። ወንድ ልጅ አያለቅስም ተብሎ ያደገው ደግሞ ጥርሱን ነክሶ ይተኛል።

ቁጥሩ የሚመጣው ከ2 ወር እስከ 7 ዓመት ላሉ ሕፃናት ከተዘጋጀ መለኪያ ነው። የፊቱ ሁኔታ፣ እግሩ፣ እንቅስቃሴው፣ ለቅሶውና ሲያባብሉት የሚሰጠው ምላሽ እያንዳንዳቸው ከ0 እስከ 2 ይሰጣቸውና ድምሩ ከ10 ይታሰባል። ጋቢውን ገለጥ አድርገን እግሩን የምናየው ለዚህ ነው፤ ጉልበቱን ወደ ሆዱ ሰብስቦ ካጠበቀ ወይም የሚራገጥ ከሆነ፣ እንባ ባይኖርም ነጥቡ ይጨምራል። ከ3 ዓመት በላይ ላሉት ከሚስቅ እስከ የሚያለቅስ የተሳሉ ስድስት ፊቶችን አሳይተን «የትኛውን ትመስላለህ?» እንላለን። አንዳንዱ ግን የሚስቀውን ፊት ስለወደደው ብቻ ይጠቁማልና፣ እናት ወይም አያት «ይህ የልጄ ጠባይ አይደለም» ካሉን ከሥዕሉ ይልቅ እነርሱን እናምናለን። ማስታገሻው ከተሰጠ በኋላም ተመልሰን እንለካለን፤ ቁጥሩ ካልወረደ ለሐኪሙ እናሳውቃለን።

እናት ከወልድያ
እኔ የጠቀመኝን ልናገር። ቁስሉ ሲታጠብ ሴት ልጄን አቅፌ ስልክ ላይ ሥዕል እያሳየሁ አቆያት ነበር። ነርሷም መርፌ የሌለው ሲሪንጅ በእጇ አስይዛ የአሻንጉሊቷን ቁስል «እንድታክም» አደረገቻት። «አብሽሪ» ማለት መልካም ነው፤ «ምንም አያምሽም» እያልን ስንዋሻት ግን በሚቀጥለው ጊዜ አላመነችንም።

ፋርማሲስት፣ ኮምቦልቻ
ትራማዶሉን ፈጽሞ አይስጡት። ትራማዶልና ኮዴይን በጉበት ሲቀየሩ ነው ኃይለኛ የሚሆኑት፤ ይህን ለውጥ እጅግ በፍጥነት በሚያካሂድ ሰው ላይ ትንፋሽን እስከ ማቆም ሊደርሱ ይችላሉ። ጉዳዩ እኛን በተለይ ይመለከታል፤ በ1996 እ.ኤ.አ. በወጣ ጥናት ከተመረመሩት ኢትዮጵያውያን 29 በመቶው ለዚህ ፍጥነት የሚዳርገው የተደጋገመ ዘረ መል (ጂን) ተገኝቶባቸዋል። የአሜሪካ የምግብና መድኃኒት ባለሥልጣንም በ2017 እ.ኤ.አ. ሁለቱን መድኃኒቶች ከ12 ዓመት በታች ላሉ ልጆች ለሕመም ማስታገሻነት ከልክሏል። እኛ ዘንድ ትራማዶል ከቤት ቤት እንደ ቡና ሲኒ ሲዞር ማየት ያሳዝነኛል።

የፓራሲታሞል ልክ በክብደት ነው፤ ለአንድ ኪሎ ከ10 እስከ 15 ሚሊ ግራም በአንድ ጊዜ፣ በ24 ሰዓት ውስጥም ከአራት ጊዜ ሳይበልጥ። ልጅዎ 16 ኪሎ ቢሆንና በጠርሙሱ ላይ በ5 ሚሊ ሊትር 120 ሚሊ ግራም የሚል ቢጻፍ፣ ከፍተኛው የአንድ ጊዜ መጠን 240 ሚሊ ግራም፣ ማለትም 10 ሚሊ ሊትር ነው። የሽሮፖቹ ጥንካሬ ስለሚለያይ ጽሑፉን ሳያዩ አይቅዱ፤ የሻይ ማንኪያም ልኩ አይታመንምና በሲሪንጅ ይለኩ። ለጉንፋን የሚሰጡ አንዳንድ ሽሮፖች በውስጣቸው ፓራሲታሞል ስላለባቸው ሁለቱን አይደርቡ። አይቡፕሮፌን ሐኪሙ ካዘዘለት ምግብ ከቀመሰ በኋላ ይሁን። አስፕሪን ግን ለሕፃን አይሆንም።

የሐይቁ አባት
እግዜር ይስጥልኝ። የሲስተርን መልስ ለእናቴ አነበብኩላቸው፤ «እግሩን ነው እንዴ የሚያዩት?» ብለው ተገረሙ። ሌሊትስ ተኝቶ ከሆነ ቀስቅሼ ልስጠው?

ሲስተር ከቀዶ ሕክምና ክፍል
በመጀመሪያዎቹ ሁለት ሌሊቶች ሐኪሙ በየ6 ሰዓቱ ብሎ ካዘዘ ቀስቅሰው ይስጡት፤ ከዚያ በኋላ ሕመሙ እየቀለለው ከሄደ እንቅልፉን ይተኛ። ሕመሙ ከቀን ወደ ቀን መቀነስ ሲገባው እየጨመረ ከሄደ፣ ትኩሳት ከያዘው፣ ቁስሉ ከቀላ ወይም መግል ካወጣ፣ ሆዱ ተነፍቶ ካስመለሰው ማስታገሻ እየጨመሩ ቤት አያቆዩት፤ የቀጠሮውን ቀን ሳይጠብቁ ይዘውት ይምጡ።