«ሐመልማለ ወርቅ» ሲባል ቅጠሉ ነው ወይስ መልኩ?

ጥያቄ፦
ባለፈው ቅዳሜ እናቴን ይዤ ከአትላንታ በስተሰሜን ወዳለችው ዳሎኒጋ፣ የቀድሞ የወርቅ ማውጫ ከተማ ሄጄ ነበር። በ1836 እ.ኤ.አ. የተሠራው ፍርድ ቤት ዛሬ የወርቅ ሙዚየም ሲሆን፣ በጡቦቹ ውስጥ እንኳ የወርቅ ብናኝ አለ። የከተማዋ ስም «ቢጫ» ከሚል የቸሮኪ (የአካባቢው ነባር ሕዝብ) ቃል መምጣቱን ስነግራቸው፣ ዳዊት ደጋሚዋ እናቴ በመስታወቱ ውስጥ ያለውን ያልነጠረ ወርቅ እያዩ «ሐመልማለ ወርቅ ማለት ይኼ ነዋ!» አሉ። ሐመልማል ለምለም ቅጠል ከሆነ፣ ቢጫው ወርቅ እንዴት ለመለመ?

መልስ፦
እናትዎ አልተሳሳቱም። በመዝሙር 67 ስለ ርግብ ሲናገር «ወገበዋቲሃኒ በሐመልማለ ወርቅ» (ጎኖቿም በሐመልማለ ወርቅ) በሚለው ስፍራ ዕብራይስጡ «ይረቅረቅ» ይላል፤ ይህም ከእኛው «ወርቅ» ጋር አንድ ሥር ያለው፣ ቢጫንም አረንጓዴንም የሚይዝ ቃል ነው። ስለዚህ ቸሮኪዎች ብቻ ሳይሆኑ አባቶቻችንም ወርቅን በመልኩ ጠርተውታል።

መልስ፦
«ወረቀት»ም ከዚሁ ሥር መሆኑ አይዘንጋ። ዐረብኛው «ወረቅ» ቅጠል ነውና፣ ቅጠል፣ ወረቀትና ወርቅ ወንድማማቾች ናቸው።

መልስ፦
«ወረቀት» ከዐረብኛ በቅርብ የገባ ስለሆነ ለግዕዙ ምስክር ሊሆን አይችልም። ቅኔ ቤት ዐሥር ዓመት የቆየ ሰው እንደመሆኔ አንድ ነገር ላሳስብ፤ መልክ ቢፈለግ ኖሮ «ሐመልሚል» ይባል ነበር። «ሐመልማል» ግን ልምላሜው ራሱ ነው፤ ምሥጢሩም የርግቢቱ ክብር የማይጠወልግ መሆኑ ነው።

መልስ፦
መምህር፣ ግዕዙ የተተረጎመው ከግሪኩ ነው። ግሪኩ «ክሎሮቴስ» የሚል ስም ስላስቀመጠ ተርጓሚው ቅጽሉን ትቶ ስም መረጠ እንጂ መልኩን አልካደም፤ ቃሉም እንደ ዕብራይስጡ የለጋ ቅጠልን መልክና ቢጫነትን አብሮ ይይዛል። እኔ ወርቅ አንጥሬ የምኖር ሰው ነኝ፤ ከማዕድን የወጣ ወርቅ ብር ሲበዛበት ወደ ቅጠልያ እንደሚያደላ በዓይኔ አይቻለሁ።

መልስ፦
የአንጥረኛን ዓይን አከብራለሁ፤ ነገር ግን ሰዋስውን የሚዳኘው ንባብ ነው። «ሐመልማል» ያለ ልምላሜ ለመልክ ብቻ የተነገረበት አንድ ሌላ የግዕዝ ጥቅስ ያምጡልኝ፤ ያን ጊዜ እረታለሁ።

መልስ፦
አመጣለሁ፤ እስከዚያው እርስዎም ወርቅ የሚጠወልግ ሆኖ የተነገረበትን ያምጡ።

ጠያቂው፦
አባቶቼ፣ እናቴ አሁንም አጠገቤ ተቀምጠው መልሱን እየጠበቁ ናቸው፤ ቅጠሉ ነው ወይስ መልኩ ልበላቸው?