ቶማሃውክ (ትንሽ መጥረቢያ) ልገዛ ተቸግሬያለሁ፣ እስቲ አማክሩኝ

ሰላም ወገን። ያለሁት ኮሎራዶ ነው። ጥቅምት ላይ ከሥራ ጓደኞቼ ጋር ለአደን ተራራ እንወጣለን። ለማገዶም፣ አጋዘን ለመበለትም፣ አመሻሽ ላይ ግንድ ላይ ለመወርወርም የሚሆን አንድ ቶማሃውክ ፈልጌ ዓይኔ ደከመ። አምና ተራ መጥረቢያ ወርውሬ ዛቢያው ከአንገቱ ቀጭ አለ፤ እስካሁን ይስቁብኛል።

ልቤ ያረፈው ኮልድ ስቲል የሚባለው ኩባንያ በሚሠራው ትሬይል ሆክ ላይ ነው። ባለ 22 ኢንቹ ዛቢያ እንደ ዶማ ከላይ ስለሚገባ ሲሰበር መቀየር ይቀላል፣ ጀርባውም መዶሻ ስለሆነ የድንኳን ካስማ ይመታል። ግን ቀላል ነገር ስለሆነ ወፍራም እንጨት ይፈልጣል ወይ? ለሥጋ ብዬ በደንብ ከሳልኩት ደግሞ ስወረውረው ስለቱ እንዳይሸራረፍ ፈራሁ።

የሞከራችሁ ካላችሁ፣ አንዱ ይበቃል ወይስ ለውርወራ ሌላ ልግዛ? ሁለተኛውን ሚስቴ እንዳትሰማ ብቻ።