የምሳ ሰዓት ሶላት ተከለከለ፤ ለማን ላመልክት?

ሰላም ለሁላችሁ። ደሴ ነኝ። ልጄ የመንግሥት ትምህርት ቤት 10ኛ ክፍል ይማራል። ምሳ ሰዓት ላይ ከክፍሎቹ ጀርባ ጃኬቱን አንጥፎ ዙህር ይሰግዳል። ቦርሳውን የሚጠብቅለት ክርስቲያን ጓደኛው ነው፤ የወሎ ነገር! ሰሞኑን ጥበቃው ከለከለው። ርዕሰ መምህሩን ሳናግር «መንግሥትና ሃይማኖት የተለያዩ ናቸው» አሉኝ። የሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 11 ነው፣ አውቃለሁ። ግን አንቀጽ 27 እምነትን በግልም በጋራም መግለጽን ይፈቅዳል፤ ገደብ ቢጣልም በሕግ ነው። ልጁ ማንንም አልሰበከ፣ ክፍለ ጊዜም አላመለጠው። መመሪያውን አሳዩኝ ስል «የቃል ትእዛዝ ነው» ተባልኩ። የወላጅ መምህር ኅብረቱ ወደ ትምህርት ጽሕፈት ቤት መራኝ፤ እዚያ ደግሞ «ከትምህርት ቤቱ ጋር ተነጋገሩ» ብለው መለሱኝ። ክልከላውን በጽሑፍ እንዲሰጡኝ ማመልከቻዬን ለየትኛው አካል ላስገባ?