የጎል ማሳወቂያው ከምስሉ ቀድሞ ይደርሳል፤ ጨዋታው ዛሬ 10 ሰዓት ነው

ጣና ዳር (ጠያቂ) · 7፡10
ሰላም ለሁላችሁ። እዚህ ባሕር ዳር የሰፈር ቡድኖችን ውድድር በቀጥታ የሚያሳይ የስልክ መተግበሪያ እየሠራን ሲሆን የገጾቹ ዲዛይን የእኔ ድርሻ ነው። ትናንት ሐይቁ ዳር ካለ ቡና ቤት ተቀምጠን በግማሽ ፍጻሜው ስንሞክረው፣ ኳሷ ገና መሀል ሜዳ ላይ ሳለች «ጎል!» የሚል ማሳወቂያ ወረደብን፤ ጎሏን ያየናት ከ28 ሰከንድ በኋላ ነበር። ጓደኛዬ ስልኩን ጠረጴዛው ላይ ደፍቶ ቡናውን መጠጣት ጀመረ። ፍጻሜው ዛሬ ስለሆነ እባካችሁ ፈጥናችሁ ድረሱልኝ።

ግሽ ዓባይ · 7፡18
ማሳወቂያው በሞተር ጀልባ፣ ምስሉ ደግሞ በታንኳ ከደቅ ደሴት ተነሥተው ነው፤ ታንኳውን ታገሡት።

የኔታ · 7፡31
ቀልዱ እንዳለ ሆኖ መሠረቱን እንረዳ። አፕል እ.ኤ.አ. በ2009 ያወጣውና ዛሬ በሰፊው የሚሠራበት ኤችኤልኤስ የተባለው የኢንተርኔት ምስል ማስተላለፊያ ዘዴ ምስሉን ቆራርጦ ነው የሚልከው፤ የአንዱ ቁራጭ ርዝመት ቀድሞ 10 ሰከንድ እንዲሆን ይመከር የነበረ ሲሆን በ2016 ወደ 6 ዝቅ ብሏል። ማጫወቻው አብዛኛውን ጊዜ ሦስት ቁራጭ ያህል ወደ ኋላ ቀርቶ ስለሚጀምር በዚህ ብቻ 18 ሰከንድ ይሄዳል፤ የቀረውን ምስሉን መጭመቅና ማድረስ ይወስደዋል። ጥቂት ባይት የሆነው ጽሑፍ ግን ማንንም አይጠብቅም። ለመሆኑ የእናንተ ቁራጭ ስንት ሰከንድ ነው?

ዓባይ ማዶ · 7፡40
ቁራጩን ወደ 2 ሰከንድ ማሳጠር ነው፤ ሌላ ምንም አያስፈልገውም።

ጣና ዳር (ጠያቂ) · 7፡52
የታወቀ መስሎኝ ነው ያልጻፍሁት፤ 6 ሰከንድ ነው። 2 አድርገነው አይተናል፤ ኔትወርኩ ትንሽ ደከም ባለ ቁጥር ምስሉ ቀጥ ብሎ ይቆማል።

ሽምብጥ · 8፡05
ጥያቄው ራሱ የተሳሳተ ይመስለኛል፤ የዘገየው ምስሉ እንጂ ማሳወቂያው ምን አጠፋ? ድምፅ በሰከንድ 340 ሜትር ያህል ስለሚጓዝ ከሜዳው አንድ ኪሎ ሜትር ርቄ ብቀመጥ እንኳ የደጋፊው ጩኸት በ3 ሰከንድ ጆሮዬ ይገባል። ጩኸቱን በምን ልትደብቁት ነው? ደግሞም የጨዋታዎች ዝርዝር ገጻችሁ ላይ ውጤት የሚታይ ከሆነ ማሳወቂያውን ማዘግየት ከንቱ ድካም ነው።

ደንገል · 8፡34
ጩኸቱን ማንም አይከለክልም፤ ከሜዳው ርቆ የሚያየው ሰው ግን በራሳችሁ መተግበሪያ መከዳት የለበትም። እያንዳንዱ የምስል ቁራጭ የተቀረጸበትን ሰዓት ይዞ እንዲሄድ ማድረግ ይቻላል፤ ኤችኤልኤስ ለዚህ የተዘጋጀ ቦታ አለው። ጎሉም የራሱን ሰዓት ይያዝ፤ ይህም ኳሷ መረብ የነካችበት እንጂ መዝጋቢው ቁልፉን የተጫነበት መሆን የለበትም። መተግበሪያው ሁለቱን አስተያይቶ፣ ተመልካቹ እያየ ያለው ምስል የጎሉን ሰዓት ካለፈ በኋላ ብቻ ማሳወቂያውን ያወርዳል። ሁለቱም ሰዓት ከእናንተ ወገን ስለሚመጣ የተመልካቹ ስልክ ሰዓት ቢዛባም ችግር የለውም። መተግበሪያውን ላልከፈተ ሰው ግን ወዲያውኑ ይላክለት፤ እሱ የሚጠብቀው ምስል የለምና። የሚያስቸግረው ጨዋታውን በቴሌቪዥን ከፍቶ ስልኩን ኪሱ ያደረገው ነው፤ ለእሱ «ውጤት ደብቅ» የሚል ምርጫ በቅንብር ውስጥ ሳይሆን እዚያው ከጨዋታው ስም አጠገብ አስቀምጡለት። ይህ ዛሬ ካልደረሰላችሁ ምስሉን ከፍቶ ለሚያይ ሰው የጎል ማሳወቂያውን ጨርሶ ዝጉት።

ዓባይ ማዶ · 8፡41
እኔ እኮ ገና ድሮ ተናግሬያለሁ፤ 2 ሰከንድ አድርጉትና ተገላገሉ።

ግሽ ዓባይ · 8፡44
ዓባይ ማዶ፣ ኔትወርኩንም ድልድዩን አሻግረህ ብታመጣልን ያን ጊዜ 2 ይበቃን ነበር።

ጣና ዳር (ጠያቂ) · 9፡20
ደንገል፣ እግዚአብሔር ይስጥልኝ። ፕሮግራመራችን ሰዓቱን ማስተያየት የሁለት ቀን ሥራ ነው ስላለኝ ለዛሬ ምስሉን ለሚያዩት ማሳወቂያውን ዘግተናል። ከጨዋታው በኋላ ውጤቱን እነግራችኋለሁ።

ቀበሌ 14 · 10፡37
ለሙከራ መተግበሪያው ከተሰጣቸው ሰዎች አንዱ ነኝ። በእርግጥ ማሳወቂያው ቀርቷል። ነገር ግን አሁን የምስሉን ጥራት ዝቅ ላደርግ ወደ ዝርዝር ገጹ ብመለስ ከቡድኖቹ ስም አጠገብ 1 ለ 0 የሚል አነበብሁ፤ ምስሉ ላይ ግን ገና የማዕዘን ምት ሊመታ ኳሷ እየተስተካከለች ነበር።

ሽምብጥ · 10፡39
ምን ብዬ ነበር?

ቀበሌ 14 · ማግስቱን 3፡15
ጣና ዳር፣ ዝርዝር ገጹ ዛሬም እንደዚያው ነው።