ለዌብሳይት ፎቶ አልት ቴክስት ስትጽፉ ምን ያህል ትዘረዝራላችሁ?

ጀማሪዋ፦
ሰላም ጓዶች። የአንድ ድርጅት ዌብሳይት እየሠራሁ ነው፤ ምስሎቹ በሙሉ አልት ቴክስት (ምስሉን ለማያይ ሰው የሚነበብ አጭር ጽሑፍ) ይኑራቸው ተባልኩ። ጥቂቱን እንደጻፍኩ ግራ ገባኝ። አንድ የስብሰባ ፎቶ አለ፤ የሰዎቹን ልብስ፣ የጠረጴዛውን ቅርጽ፣ የግድግዳውን ቀለም ሁሉ ልጻፍ? ወይስ "ስብሰባ" ብዬ ልለፈው? ለጌጥ ብቻ የገቡ መስመሮችና አበቦችም አሉ፣ እነሱስ? ብዛታቸው ስላስፈራኝ በኤአይ ላስጽፈው ይሆን እያልኩም ነው።

ፒክስል፦
የጌጦቹ ቀላል ነው። አልት የሚለውን ከኮዱ አታጥፊው፣ በጥቅሶቹ መሃል ግን ምንም አትጻፊ። ስክሪን ሪደሩ (ገጹን ለዓይነ ስውራን በድምፅ የሚያነበው ፕሮግራም) ዘሎት ያልፋል። ጭራሽ ካጠፋሽው አንዳንዱ ሪደር የፋይሉን ስም፣ ቁጥሩንም ጄፔጉንም ሳይቀር ማንበብ ይጀምራል። ሰው ይህን ለምን ይስማ?

የስብሰባው ፎቶ እንደ ገጹ ነው። ዜናው ስለ ስምምነት ከሆነ "የሁለቱ ድርጅቶች ኃላፊዎች ስምምነቱን ሲፈርሙ" ይበቃል፣ የግድግዳው ቀለም ለማንም አይፈይድም። ያው ፎቶ አዳራሽ የሚያከራይ ሰው ገጽ ላይ ቢገባ ግን ሰዎቹን ትተሽ ስለ ጠረጴዛው፣ ስለ ወንበሩ አደራደር ነው የምትጽፊው።

በጆሮዬ አነባለሁ፦
ዓይነ ስውር ነኝ፣ የምጠቀመው ኤንቪዲኤ የሚባለውን ስክሪን ሪደር ነው። (ነፃ ነው። አውርጂውና ስክሪኑን አጥፍተሽ ገጽሽን ስሚው፣ ብዙ ነገር ይገባሻል።)

"የሚያሳይ ፎቶ" ብላችሁ አትጀምሩ፤ ምስል መሆኑን ሪደሩ ራሱ ይነግረኛል። ከፎቶው ሥር ያለውን መግለጫም አልቱ ላይ አትገልብጡ፣ ሁለቴ ነው የምሰማው። የሚያናድደኝ ግን ሲጫኑት የሚሠራ ምስል ነው። የመፈለጊያው ምልክት ላይ "አጉሊ መነጽር" ተብሎ ይጻፋል። መነጽሩ ለእኔ ምን ያደርግልኛል? "ፈልግ" በሉኝ።

ፖስተሩስ! ቀኑ፣ ሰዓቱ፣ ስልኩ ሁሉ ምስሉ ውስጥ ተጽፎ አልቱ "ማስታወቂያ" ይላል። ጽሑፉን እንደ ጽሑፍ ገጹ ላይ አስቀምጡት፣ ያኔ አልቱ አጭር ቢሆንም ግድ የለኝም። ደግሞ ገጹ አማርኛ ከሆነ ኮዱ ላይ ያለው የቋንቋ መለያም አማርኛ ይበል። ብዙ ቴምፕሌት እንግሊዝኛ እንደተባለ ይቀርና ሪደሩ ፊደላችንን በእንግሊዝኛ ድምፅ ልወጣው ይላል። እሱን መስማት ቅጣት ነው።

ደረጃ ኤ፦
ከላይ የተባለው ሁሉ ልክ ነው። አለቆችሽ ማስረጃ ከጠየቁ የደብሊውሲኤጂን (የዓለም አቀፉን የዌብ ተደራሽነት መመሪያ) መስፈርት 1.1.1 አሳያቸው። ደረጃው ኤ ነው፣ ማለትም ዝቅተኛው ግዴታ። እ.ኤ.አ. በ2008 በወጣው እትም 2.0 ላይ ነበረ፣ በ2023 በወጣው 2.2 ላይም አለ።

ግራፍ ካለሽ ሁሉን ቁጥር አልት ውስጥ አትጠቅጥቂ። "ሽያጩ ከዓመት ዓመት እየጨመረ መሄዱን የሚያሳይ ግራፍ" በይና ቁጥሩን ከሥሩ በሠንጠረዥ አስቀምጪ። (እዚህ ላይ "ግራፍ" ማለቱ ይጠቅማል፣ ዓይነቱን ነው የሚናገረው።)

ኤአይ ለመነሻ ያግዛል። ግን ምስሉን ብቻ ከሰጠሽው የሚነግርሽ ያየውን ነው፤ ፎቶው እዚያ ገጽ ላይ ለምን እንደገባ አያውቅም። ስለዚህ እያንዳንዱን አንብበሽ አስተካክዪ። አውቶማቲክ መፈተሻዎችም እንዲሁ ናቸው፣ አልት መኖሩን እንጂ ትክክል መሆኑን አያውቁም። "ምስል 1" ብትዪም ብዙዎቹ ያሳልፉሻል።

ጀማሪዋ፦
ኧረ ተባረኩ! አንዲት የመጨረሻ ጥያቄ፦ አንድ ቦርሳ ከአራት አቅጣጫ ተነስቷል። አራቱም ላይ "ጥቁር የቆዳ ቦርሳ" ልበል?

በጆሮዬ አነባለሁ፦
የመጀመሪያው ላይ ብቻ። ከዚያ "ከጎን፣ ዚፕ ያለው ኪስ"፣ "ውስጡ፣ ለላፕቶፕ የተለየ ክፍል" እያልሽ ሂጂ። ገዢ ፎቶ የሚያገላብጠው ለዚሁ አይደል?