የእህቴ ልጅ ጠፍታለች፣ የቱን በር ላንኳኳ?

ሰላም ወገኖች። የእህቴ ልጅ 16 ዓመቷ ነው። ደሴ ካለው ቤቷ እንደወጣች አልተመለሰችም። ቤቱ ሰላም አልነበረውም፤ እንጀራ አባቷ ሲጠጣ ይደበድባት እንደነበር ጎረቤት ሁሉ ያውቃል። እሱ ግን «ኮብልላ ነው፣ ትመጣለች» ይላል። እህቴ እሱን ፈርታ ፖሊስ ጋ አልሄደችም። እኔ ሳመለክት ደግሞ «ወላጅ ይምጣ» አሉኝ።

ጓደኛዋ እንደምትለው ከአንድ ደላላ ጋር ትነጋገር ነበር። እኔን እንቅልፍ የነሳኝ ደላሎች ስደተኞችን በአፋር በኩል የሚያወጡበት የሎጊያና የጋላፊ መንገድ ነው። ከዚያ ጅቡቲ፣ የኦቦክ ወደብ፣ ከዚያ ወደ የመን የሚያሻግሩበት ባሕር። አዲስ አበባ ሰው ቤት ተቀጥራ ከሆነማ ተመስገን ነው።

ቀይ መስቀል የተጠፋፉ ቤተሰቦችን ያፈላልጋል። አክስት ብታመለክት ይቀበላሉ? ፎቶዋን ባሰራጭስ ደላላው ይባስ ይደብቃት ይሆን? የደረሰበት ሰው ካለ እባካችሁ ንገሩኝ። ከተገኘች እኔ ጋ ነው የምትኖረው፤ ወደዚያ ቤት አልመልሳትም።